‹‹አንድ ኒውክሌር ቢኖረን ኖሮ››

ባለፈው ሰሞን አራት ኪሎ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ሦስት ነን፤ ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ሻይ። አጠገባችን ያሉት ልጆች ስለ ግድቡ፣ ስለ ግብፅ፣ ስለ ቀይ ባሕር ሲጨቃጨቁ ቆዩና አንደኛው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ ‹‹ይሄ ሁሉ ወሬ ምን ያደርጋል? አንድ ኒውክሌር ቢኖረን እኮ ማን ይደፍረን ነበር!›› አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ሳቃቸው ግን የቀልድ ሳቅ አልነበረም፤ ‹እውነቱን ነው› የሚል ሳቅ ነበር። እኛም እንዋሽ እንዴ? ፈገግ ብለናል።

ያፈርነው በኋላ ነው።

አንዴ ከሰማነው ወዲህ ነገሩን በየቦታው እንሰማው ጀመር። ታክሲ ውስጥ አለ። ቴሌግራም ላይ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀጣይ ከሚጀመሩት ትልልቅ ፕሮጀክቶች አንዱ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ መሆኑን ሲናገሩ፣ መስከረም ላይም ሞስኮ ውስጥ ከሩሲያ ጋር ለዚሁ ጉዳይ የሥራ ዕቅድ ሲፈረም ወሬው ጦፈ። መንግሥት የሚያወራው ስለ መብራት ነው። ኮሜንት የሚጽፈው ሰው የሚሰማው ግን ሌላ ነገር ነው። ‹ዛሬ መብራት፣ የነገውን ደግሞ ነገ እናያለን› የሚል ጥቅሻ በየፖስቱ ሥር ሞልቷል።

ከመብራት ጋር ጠብ የለንም። ይቺን ጽሑፍ እንኳ ስንጽፍ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብናል። ጠባችን ከጥቅሻው ጋር ነው። ‹ቦምብ ቢኖረን ይፈሩን ነበር› የሚለው ሐሳብ ከስህተትም አልፎ የራሱን አያት የማያውቅ ሐሳብ ነው። እንዴት ቢባል፣ ከአያቶቻችን እንጀምር። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው። ዓለም አቀፍ ውል በእኛ ካላንደር ስለማይፈረም እንጂ እኛ ፈረንጅ ሆነን አይደለም።)

በ1925 ጄኔቫ ላይ የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ጣልያን በ1928 አጸደቀችው። በዲሴምበር 1935 የዚያችው ጣልያን አውሮፕላኖች ተከዜ አካባቢ በዘመተው ሠራዊታችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። መጀመሪያ በቦምብ፣ ኋላም ከአየር ላይ እንደ ዝናብ እየረጩ። ባዶ እግሩን የዘመተ ገበሬ የነካው ሣር ያቃጥለው ጀመር፤ ከብቱ የጠጣው ውኃ ገደለው። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ድረስ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ፤ ያገኙትን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1939 ደግሞ፣ ጦርነቱ አልቋል ከተባለ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዘረት በሚባል ዋሻ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ ይኸው ጋዝ ዋለ። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ‹አዎ፣ ጋዝ ተጠቅመናል› ብሎ በይፋ ያመነው መቼ ነው? በ1996። ስድሳ ዓመት ፈጅቶበታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ትምህርት መውሰድ ይቻላል። አንደኛው የካፌው ልጅ የወሰደው ነው፤ ወረቀት አያድንም፣ የሚያድነው መሣሪያ ነው። ልጁ ይህን ያለው ያን ታሪክ ሳያነበውም ሊሆን ይችላል፤ ስሜቱ ግን ከዚያው ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ትምህርት ጋዙ የነካቸው ሰዎች ራሳቸው የወሰዱት ነው። እነሱ ምን አሉ? ይህን የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠመንም።

በ1961 ዓለም እብድ ሆና ነበር። ኦክቶበር 30 ቀን ሶቪየት ኅብረት በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ 50 ሜጋቶን የሚገመት ቦምብ አፈነዳች፤ የሰው ልጅ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ አፈንድቶ አያውቅም። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጧል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ‹የኒውክሌር መሣሪያን በጦርነት መጠቀም ራሱ ወንጀል ተብሎ ይታወጅ› የሚል ሐሳብ ይዛ የቀረበችው፣ የአፍሪካና የእስያ አገሮችን ከጎኗ ያሰለፈችው አገር ማን ናት? ኢትዮጵያ ናት። ኖቬምበር 24 ቀን 1961 ሐሳቡ ውሳኔ ቁጥር 1653 ሆኖ ጸደቀ። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ አልሰጡም። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃወሙት መካከል ናቸው። ሶቪየት ኅብረት ደግፋለች፤ ያን ጉድ ካፈነዳች በሃያ አምስተኛው ቀን። አይ ፖለቲካ!

ውሳኔው የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር የሚጥስ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። ለእኛ ግን ትልቁ ነገር ያለው መግቢያው ላይ ነው። ቀድሞ የነበሩ ክልከላዎችን ሲዘረዝር የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ይጠራል። ያንን ጣልያን ፈርማ የረገጠችውን ወረቀት! በዚያ ፕሮቶኮል ከእኛ በላይ የተከዳ አገር ያለ አይመስለንም። የእኛ ሰዎች ግን ‹ወረቀት ገደል ይግባ› አላሉም። የተቀደደውን ወረቀት አንስተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ‹ይህ ክልከላ ያኔ ቢከበር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው አያልቅም ነበር፤ አሁን ለባሰው መሣሪያ ይሠራበት› ብለው ኃያላኑ ፊት አስቀመጡት።

ያ መንግሥት ቅዱስ ነበር ልንል አይደለም። የታኅሣሡ ግርግር ገና ዓመት አልሞላውም፤ ገበሬው ጭሰኛ ነው፤ የተቃወመ ይታሰራል። ግን አንድ ነገር በትክክል ሠርቷል፤ እኛ ደግሞ አናውቀውም። አሥራ ሁለት ዓመት ስንማር አልነገሩንም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ጋዜጠኝነት ስናጠና አልሰማንም። ተመርቀን ሥራ በጀመርንበት ቤት ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ጽሑፍ ይዘን ብንሄድ አለቃችን ‹‹እናንተ ልጆች፣ ስለ ኮንዶሚኒየም ጻፉልኝ›› ብሎ መለሰልን። ስለ ኮንዶሚኒየም ጻፍን። ይኸው ዛሬ እዚህ እንጽፈዋለን።

በዚያው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ፣ አንድ ሌላ ውሳኔም አልፏል፤ ቁጥር 1652። አፍሪካ ከኒውክሌር ነፃ የሆነች ቀጣና ተደርጋ ትታይ፣ በምድሯም ሙከራ አይደረግ የሚል ነው። ለምን አፍሪካ? ምክንያቱም ሰሃራ ላይ ቦምብ እየፈነዳ ስለነበር ነው። ፈረንሳይ የመጀመሪያዋን አቶሚክ ቦምብ የሞከረችው በፓሪስ ዳርቻ አይደለም። አልጄሪያ ውስጥ ረጋን በሚባል ቦታ ነው፤ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960። 70 ኪሎቶን፤ ሂሮሺማ ላይ ከወረደው ከአራት እጥፍ በላይ። እስከ 1966 ድረስ 17 ጊዜ ሞክራለች። አራቱ ሜዳ ላይ፣ አሥራ ሦስቱ ደግሞ ተራራ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ። ሜይ 1 ቀን 1962 ከተራራው ውስጥ ጨረር ያዘለ ደመና አምልጦ ወጣ፤ ለማየት የመጡ የፈረንሳይ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ እግሬ አውጪኝ አሉ። እነሱ ሮጠው ፓሪስ ገቡ። የዚያ አገር ግመል ጠባቂ የት ሮጦ ይግባ? ፈረንሳይ የካሳ ሕግ ያወጣችው በ2010 ነው፤ በዚያ ሕግ ካሳ ያገኘ አልጄሪያዊ በጣት የሚቆጠር ነው።

ያኔ አፍሪካ ዝም አላለችም። ጋና የፈረንሳይን ንብረት አገደች። ነፃነቷን ካወጀች ገና ሦስት ወር የሞላት ናይጄሪያ ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ፣ ጃንዋሪ 1961 ላይ፣ ከፈረንሳይ ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት አቋረጠች። እስኪ አስቡት፤ የሦስት ወር አራስ መንግሥት! ዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሞላቸው መንግሥታት ‹ስጋታችንን እንገልጻለን› የሚል መግለጫ ለማውጣት ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

ለነገሩ አፍሪካ ከቦምቡ ጋር የተዋወቀችው ከረጋንም በፊት ነው። አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን ቦምቦች ስትሠራ ከተጠቀመችበት ዩራኒየም ትልቁ ክፍል የተቆፈረው ኮንጎ ውስጥ፣ ሺንኮሎብዌ ከሚባል ማዕድን ነው። የቆፈሩት ኮንጎዎች ናቸው። የሚቆፍሩት ነገር ምን እንደሚሠራበት የነገራቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሂድ፤ ለካፌው ልጅ የሚሆነው መልስ ያለው እዚያ ነውና። ከፕሪቶሪያ ምዕራብ ፔሊንዳባ የሚባል የኒውክሌር ምርምር ማዕከል አለ። ስሙ ከዙሉ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ‹ወሬው አለቀ› እንደማለት ነው። ከጎኑ ዩራኒየም ይበለጽግበት የነበረው ቦታ ደግሞ ቫሊንዳባ ይባላል፤ ‹ስለዚህ አይወራም› እንደማለት። ስም ማውጣት ያውቃሉ! የአፓርታይድ መንግሥት እዚያ በበለጸገው ዩራኒየም ስድስት ቦምብ ሠራ። ስድስት ሙሉ ቦምብ፤ የካፌው ልጅ የተመኘው አንድ ነው። ታዲያ ስድስቱ ቦምቦች አፓርታይድን አዳኑት? የሶዌቶን ተማሪ በቦምብ አይመቱትም። ሥራ ያቆመን የማዕድን ሠራተኛ፣ ብድር የከለከለን ባንክ፣ የስፖርት ማዕቀብን በቦምብ አይመቱም። ማርች 24 ቀን 1993 ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ ፓርላማ ፊት ቆመው ቦምቦቹ እንደነበሩም፣ እንደፈረሱም በአንድ ንግግር ተናገሩ። ‹ለጥቁሮች ላለማስረከብ ብለው ነው ያፈረሷቸው› የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ግን ከዚያ በኋላ የመጣው የማንዴላ መንግሥት ዕውቀቱም፣ ባለሙያውም፣ የበለጸገው ዩራኒየምም እጁ ላይ ነበር። ‹ነጮቹ የነበራቸው ለእኛ ሲሆን ለምን ይቅር?› ብሎ መመለስ ይችል ነበር። አልተመለሰም።

መላው አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገው ውል በዚያ ቦታ ስም የፔሊንዳባ ስምምነት ተባለ። ረቂቁን የአፍሪካ መሪዎች ያጸደቁት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ጁን 1995። ካይሮ ላይ ኤፕሪል 11 ቀን 1996 ተፈረመ። (ጣልያን ስለ ጋዙ ያመነችበት ዓመት ማለት ነው። ማንም አስቦበት አይደለም።) ላቲን አሜሪካ በ1967፣ ደቡብ ፓስፊክ በ1985፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያ በ1995፣ መካከለኛው እስያ በ2006 ተመሳሳይ ውል ፈርመዋል፤ ተደምሮ ከመቶ በላይ አገር ነው። የእኛው ግን የራሱ መልክ አለው። የተሠራ ቦምብ ይፍረስ ይላል፤ ደቡብ አፍሪካን አይቶ ነው። የሬዲዮአክቲቭ ቆሻሻ አፍሪካ ውስጥ አይጣል ይላል፤ በሰማንያዎቹ መርዝ የጫኑ መርከቦች በየወደባችን ሲዞሩ አይቶ ነው። በሌላው አገር የኒውክሌር ተቋም ላይ በመሣሪያ ጥቃት አይሰንዘር ይላል። ይህን የመጨረሻውን፣ በጁን 2025 የኢራን ተቋማት በእስራኤልና በአሜሪካ ከተደበደቡ በኋላ ስናነበው፣ ‹ሰዎቹ እንዴት ቀድመው አሰቡት?› ብለናል።

ይሁንና ‹ጋዳፊስ?› የሚል ጥያቄ አለ። ይህን የሚለው ሰው ሞኝ አይደለም። ጋዳፊ በ2003 ፕሮግራሙን አስረከበ፤ በ2011 የደረሰበትን አይተናል። ዩክሬን በ1994 ግዛቷ ውስጥ የነበሩትን ቦምቦች ለመስጠት ስትስማማ ሩሲያ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ዳር ድንበሯን እናከብራለን ብለው ፈረሙላት፤ በ2014 እና በ2022 ሩሲያ ገባችባት። ይህ ክህደት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ግን ነገሩን በደንብ እንየው። ጋዳፊ ቦምብ አልነበረውም፤ የነበረው ብዙው ከነሳጥኑ የተቀመጠ ዕቃ ነው። ዩክሬን ውስጥ የነበሩት ቦምቦች የመተኮሻ ቁልፋቸው ሞስኮ ነበር። ቦምብ ያላቸውስ ምን አገኙ? እንግሊዝ ቦምብ ነበራት፤ አርጀንቲና ግን በ1982 ፎክላንድን ከመውረር አልተመለሰችም። ህንድና ፓኪስታን በ1998 ሁለቱም ሞከሩ፤ በዓመቱ ካርጊል ላይ ተዋጉ። በሜይ 2025 እንደገና ተኳኮሱ፤ ዓለምም ‹አሁን አንዱ ቢሳሳትስ?› እያለ ትንፋሹን ዋጠ።

አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ። ይህን ስንጠይቅ ወገን ለይተን አይደለም፤ ከየትኛውም ወገን ያለ ሰው እንዲያስብበት ነው። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ያ ጦርነት ሲካሄድ፣ የተመኘነው ቦምብ ቢኖረን ኖሮ የት ይቀመጥ ነበር? በየትኛው ዕዝ መጋዘን? ቁልፉ በማን ኪስ? የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ ማን ይጠብቀው ነበር? ሰላማዊዋ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንኳ በኖቬምበር 2007 የታጠቁ ሰዎች አጥር ጥሰው ፔሊንዳባ ግቢ ገብተዋል፤ ከፈረሱት ቦምቦች የተረፈው ዩራኒየም እዚያው ተቀምጦ ሳለ። ‹አንድ ኒውክሌር ቢኖረን› የሚለው ‹ን› ማን ማንን እንደሚያጠቃልል መጀመሪያ ንገሩን።

ግድቡንስ? ግድቡ እኮ ተመርቋል! አሥራ አራት ዓመት ተሠርቶ፣ ከሊስትሮው እስከ ባለሥልጣኑ ቦንድ ገዝቶ፣ ያለ አንዲት ቦምብ። ያኔ ‹ኒውክሌር ይኑረን› ብለን ብንነሳ ግድቡ ራሱ አይሠራም ነበር፤ የሚጥልብን ማዕቀብ ሲሚንቶውንም ተርባይኑንም ያስቀረዋል። ከዚያም ግብፅ ትከተላለች። ከዚያስ? አባይ አንድ ወንዝ ነው፤ ላይኛው ዳርም ታችኛው ዳርም የሚጠጣው ሰው ነው።

አሁን ወደሚያናድደን ነገር እንምጣ። የካፌውን ልጅ ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ውሉን ወረቀት ያስመሰሉት ትልልቆቹ ናቸው።

አሜሪካ የስምምነቱን ፕሮቶኮሎች በ1996 ፈረመች። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2011 እንዲጸድቁ ለሴኔት ላኳቸው፤ እዚያው ቀሩ። እንግሊዝ አጽድቃለች፤ ዲዬጎ ጋርሲያን ግን አይነካም ብላለች። ዲዬጎ ጋርሲያ የቻጎስ ደሴቶች አንዷ ናት፤ የአሜሪካ ትልቅ የጦር ሰፈር አለባት፤ ነዋሪዎቿ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ተጠራርገው ወጥተዋል። የስምምነቱ ካርታ ደሴቶቹን አፍሪካ ውስጥ ያስገባቸዋል። ሜይ 22 ቀን 2025 እንግሊዝ ደሴቶቹን ለሞሪሸስ ለማስረከብ፣ ዲዬጎ ጋርሲያን ግን ለ99 ዓመት ለመከራየት የሚያስችል ውል ፈረመች። ሞሪሸስ የፔሊንዳባ አባል ናት። ታዲያ አከራዩዋ አባል ከሆነች ተከራዩ ምን ይዞ መግባት ይችላል? ይህ የሕግ ጥያቄ ከአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ጮክ ብሎ መሰማት ነበረበት። ቦሌ መንገድ ላይ የመኪና ጥሩምባ ነው የምንሰማው።

ግብፅም አለች። ውሉ የተፈረመው መዲናዋ ላይ ነው፤ አላጸደቀችም። ምክንያቷ እስራኤል ናት፤ እስራኤል መሣሪያ ይዛ፣ ሳታምንም ሳትክድም እየኖረች፣ እኔ ለምን እጄን አስራለሁ ትላለች። መካከለኛው ምሥራቅ ከኒውክሌር ነፃ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ከኢራን ጋር ሆና ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበችው በ1974 ነው፤ ምክንያቷ ምክንያት ነው። ግን ለአፍሪካ ውል የአፍሪካን ከተማ አበድሮ ፊርማን እዚያው ላይ ማቆም ደስ አይልም።

ጎረቤታችንን ጅቡቲንም እንይ፤ ዘይታችንም ስንዴያችንም የሚገባው በእሷ ነው። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና፣ ጃፓን፣ ጣልያን ሁሉም እዚያ ሰፈር አላቸው። ፔሊንዳባ ቦምብ ማስፈርን ይከለክላል፤ የሚያልፍን መርከብና አውሮፕላን ግን እያንዳንዱ አገር ራሱ ይወስን ይላል። የአሜሪካ ፖሊሲ ደግሞ መርከቤ ላይ አለ ብዬ አላምንም፣ የለም ብዬም አልክድም ነው። ይህች ቀዳዳ ሳትደፈን የቀረችው በስንፍና አይደለም፤ ካልተተወች ብዙዎቹ አይፈርሙም ነበር። ቢሆንም ቀዳዳ ቀዳዳ ነው።

የእኛስ ቤት? በ1961 ዓለምን የቀደመችው ኢትዮጵያ፣ ረቂቁ በከተማዋ የጸደቀላት ኢትዮጵያ፣ ካይሮ ላይ በመጀመሪያው ቀን የፈረመችው ኢትዮጵያ፣ ውሉን ያጸደቀችው በ2008 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ማንም እየተቃወመ አይደለም፤ ማንም አልጠየቀም እንጂ። በ2009 ቡሩንዲ 28ኛዋ ሆና ስታጸድቅ ውሉ ሥራ ላይ ዋለ። የአባል አገሮቹ የመጀመሪያ ጉባኤ በኖቬምበር 2010 እዚሁ አዲስ አበባ ተካሄደ። የዚያን ቀን የት ነበርን? ተማሪ ነበርን፤ ወሬውን ያመጣልን ሰው አልነበረም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። የ1961ዱ ውሳኔ ‹የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የሚከለክል ውል የሚፈረምበት ጉባኤ ይጠራ እንደሆነ አገሮች ይጠየቁ› ብሎ ነበር። ያ ጉባኤ ሳይጠራ 56 ዓመት አለፈ። ጁላይ 7 ቀን 2017 በመጨረሻ የኒውክሌር መሣሪያን ጨርሶ የሚከለክል ስምምነት ኒውዮርክ ላይ በ122 ድምፅ ጸደቀ። ኢትዮጵያ ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች። ደስ ይላል። ስምምነቱ በጃንዋሪ 2021 ሥራ ላይ ሲውል ግን ከፈራሚዎቹ ስም ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አልነበረችም። ሱዳን በ2020 ፈርማለች፤ ያ ሁሉ ጦር ሰፈር ያለባት ጅቡቲ በ2023 ፈርማለች። ሐሳቡን የወለደችው አገር የልጇ ክርስትና ላይ ቀረች። ይህን የሚያህል ቸልተኝነት እንዴት ነው የሚብራራው? ‹ቅድሚያ የምንሰጠው ጉዳይ በዝቶብን› እንዳይሉን፤ ፊርማ ነው የጠየቅነው፣ ግድብ አይደለም።

ማመንጫውን በተመለከተም ደስታችንን አቆይተን የምንጠይቀው አለ። ነዳጁን ማን ያመጣል? ያገለገለውን ነዳጅ ማን ይወስዳል፣ ወይስ እዚሁ ይቀበራል? ከሩሲያ ጋር የተፈረመውን ሙሉውን ማንበብ ይፈቀድልናል? ፔሊንዳባ ለሰላማዊ አገልግሎት የሚውል ኒውክሌርን አይከለክልም፤ እንዲያውም ያበረታታል፤ ግን በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቁጥጥር ሥር፣ በግልጽ ይሁን ይላል። ‹በግልጽ› የምትለዋ ቃል በእኛ አገር ስትከብድ እናውቃታለን። መንግሥት ዝም ባለ ቁጥር ያቺ የኮሜንት ጥቅሻ ትወፍራለች። ‹ቦምብ አንፈልግም፤ በ1961 አንፈልግም ብለናል፣ ዛሬም አንፈልግም› ብሎ አንድ ባለሥልጣን በአማርኛ፣ በቴሌቪዥን፣ ማታ ሁለት ሰዓት ዜና ላይ ይናገርልን።

ባለፈው ቅዳሜ ያቺኑ ካፌ ተመልሰን ሄድን። ልጁ የለም። ቦታው ላይ ሌሎች ተቀምጠው ስለ አርሴናል ያወራሉ። እኛም የውሳኔ ቁጥር 1653ን ቅጂ በወረቀት አትመን ይዘን ነበር፤ አስተናጋጇ ብድግ አድርጋ አየችውና ‹‹የፈተና ነው እንዴ?›› አለችን። አይደለም አልናት። ስለ ተከዜ ስንነግራት አያቷ ከዚያ አገር መሆናቸውን፣ የአያቷ አባት ዘምተው እንዳልተመለሱ ነገረችን። ከዚያ ሌላ ጠረጴዛ ጠራትና ሄደች። ወረቀቱን ግን ይዛው ነው የሄደችው።